ፈረንሳይኛ በጀጎል በሮች

የአንዲት ከተማ ታሪክ በግንቧ ብቻ አይነገርም፤ በበሮቿ በገቡትና በወጡትም ጭምር ይነገራል። ነዋሪዎቿ «ጌይ» የሚሏት ሐረር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በሐኪም ተራራ አጠገብ የተቈረቈረችውን ይህችን ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በጀጎል ግንብ አስከበሯት። የግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች ግን የሲራራ ነጋዴ ቡናና ቆዳ፣ ጨርቅና ጨው ይዞ የሚመላለስባቸው ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከሸቀጡ ጋር አንድ የሩቅ አገር ቋንቋ መጣ፤ እርሱም ፈረንሳይኛ ነው።

ሐረር ለአውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ዝግ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ተመለሰ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከተማዋን ከያዘ በኋላ ግን በሩ ለውጭ ነጋዴ ተከፈተ። በ1872 ዓ.ም. የፈረንሳዊው ባርዴ የንግድ ቤት ቅርንጫፉን አቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ደግሞ አርቱር ራምቦ ተቀጣሪው ሆኖ ደረሰ። ይህ ሰው በአገሩ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ የተወ ወጣት ነበር። በሐረር ቡናና ቆዳ እየገዛ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲልክ፣ ከገበያተኛው ጋር ለመግባባት የአካባቢውን ቋንቋዎች መማር ነበረበት። በመጋቢት 1883 ዓ.ም. መጨረሻ በእግሩ ሕመም ምክንያት በቃሬዛ ከከተማዋ ወጥቶ፣ በኅዳር 1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ ሞተ።

ከንግዱ ጎን የካፑቺን ሚሲዮናውያን ነበሩ። በጥር 1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር ጨለንቆ ላይ ድል ሆኖ ሐረር በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች በኋላ፣ አገረ ገዥው መኮንን ለሚሲዮኑ ፊት አልነሱትም። ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛን የተማረው በዚህችው ከተማ ነው፤ ካስተማሩት መካከል አባ ሳሙኤልና የጓዴሎፑ ተወላጅ ሐኪም ቪታሊየን ይገኙበታል። በ1890ዎቹ መጨረሻም ሚሲዮናውያኑ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ባቋቋሙት መጠለያ በነበረው ማተሚያ በፈረንሳይኛ የሚጻፍ ጋዜጣ ይታተም ጀመር።

የሐረርን ዕድል የለወጠው ግን የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይሁንና ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በዚያም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ተመሠረተች። የባቡሩ ሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የጣቢያው ስም እንኳ ከዚያው ቋንቋ ተወስዶ «ለገሀር» ሆነ። ንግዱ ወደ ቆላው ወረደ፤ በግመልና በጭነት ከብት ይተዳደር የነበረው የሐረር ሲራራ ነጋዴና ጫኝ ኑሮው ተናጋ።

እንግዲህ ፈረንሳይኛ በነጋዴ መዝገብ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤትና በባቡር ጣቢያ ኖረ እንጂ፣ በጌይ ቤት መደብ ላይ አልተቀመጠም። እናቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ጌይ ሲናንን ነው፤ በገበያውም ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይሰማሉ። ሐረሪ ከሌላው ጋር ለመነጋገር የሌላውን ቋንቋ መማሩ የራሱን አላስጣለውም።

ዛሬ በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ባለ ፎቅ ቤት ጐብኚ ሁሉ ይጠይቃል። ቤቱ ግን ባለቅኔው ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። አናጺውም ባለቤቱም ተረስተው፣ ያልኖረበት ሰው ስሙን ወሰደ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የቆጠረው ግን 82 መስጊዶችንና 102 አዋቾችን ነው፤ እነርሱንም ጠብቆ ያቆየው የከተማዋ ነዋሪ ነው። በበሩ ያለፈውን እንግዳ ማስታወስ ደግ ነው፤ የሐረር ታሪክ ሲነገር ግን ቀዳሚው ስም በሩን የሠራውና የጠበቀው ሕዝብ ስም ሊሆን ይገባል።