የባቡር ኪስ ሰዓት ታሪክ ከኪፕተን አይጀምርም

የአሜሪካን የባቡር ኪስ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ሁሉ አንድ ታሪክ ያውቃል። ኤፕሪል 18 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በተባለች ትንሽ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች ተጋጩ። የአንደኛው ነጂ ሰዓት አራት ደቂቃ ቆሞ ተመልሶ ይሄድ ነበር ተባለ። የሌክ ሾር የባቡር ኩባንያ የክሊቭላንዱን የጌጣጌጥ ነጋዴ ዌብ ቦልን ጠራ፤ ቦልም መስፈርት አወጣ፤ የባቡር ሰዓትም ተወለደ። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ትረካ ነው። ትረካው የቦልን ንግድ በእጅጉ ጠቅሟል፤ ለታሪክ የሰጠው ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰብሳቢዎች ዛሬ ሰዓት የሚመዝኑበትን መለኪያ ማዛባቱ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎቹ ማይክል ኦማሊና ኢያን ባርትኪ በኖቬምበር 18 ቀን 1883 ስለተጀመረው የባቡር መደበኛ ሰዓት የጻፉትን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ በዚያ ረገድ ከእነርሱ ጋር ክርክር የለኝም። ሰብሳቢዎች ችላ ያሉት ካርሊን ስቲቨንስ በ1989 ስለ ሰዓት ሠሪው ዊሊያም ቦንድና ስለ ኒው ኢንግላንድ ባቡሮች ያሳተሙትን ጥናት ነው። የኒው ኢንግላንድ የባቡር ኃላፊዎች ማኅበር ከኖቬምበር 5 ቀን 1849 ጀምሮ አባል ኩባንያዎቹ በአንድ ሰዓት እንዲሠሩ ወስኖ ነበር። ሰዓቱ ቦስተን፣ ኮንግረስ ጎዳና ቁጥር 26 ከነበረው የቦንድና ልጅ መደብር የሚገኝ ሆኖ ከቦስተን እውነተኛ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ እንዲል ተደረገ። ኦገስት 12 ቀን 1853 ደግሞ ሮድ አይላንድ ውስጥ ቫሊ ፎልስ አጠገብ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው 14 ሰዎች ሞቱ። የአንዱ ኮንዳክተር ሰዓት ሁለት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቦንድ ለባቡር ሠራተኞች የሚሆኑ ሰዓቶችን ከለንደኖቹ ባሮድና ለንድ ያስመጣ ጀመር። የቫሊ ፎልስ ግጭት የደረሰው ከኪፕተን አደጋ 38 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኤልጂን በ1867 ያወጣው የመጀመሪያ ሰዓት፣ በኩባንያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በቢ. ደብልዩ. ሬይመንድ ስም የተጠራው፣ ለባቡር ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነበር። ዋልተምም በ1870 «ክረሰንት ስትሪት»ን አስከተለ። በገበያ ላይ የኖረን ነገር ቦል በ1891 ፈጠረው ማለት አይቻልም።

የኪፕተን አደጋ ራሱ ሲመረመርም ትረካው ይላላል። ነጂዎቹና ስድስት የፖስታ ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ የመንገደኛው ባቡር ኮንዳክተር ሰዓቱ ኪሱ ውስጥ እንደነበረና ከግጭቱ በፊት አውጥቶ እንዳላየው አምኗል። ነጂውና ኮንዳክተሩ ሰዓቶቻቸውን እንዲያስተያዩ የሚጠይቀው አሠራር አልተከበረም። ያልታየ ሰዓት ደግሞ የቱንም ያህል ድንጋይ ቢኖረው ባቡር አያቆምም። ጥፋቱ የሥርዓት ጥፋት ሆኖ ሳለ የሰዓት ጥፋት ተደርጎ መነገሩ ሰዓት ነጋዴውን እንጂ ሌላ ማንን ይጠቅማል?

ዋናው ጠብ ግን ስለ መስፈርቱ ዝርዝር ነው። ብዙ ጊዜ «የ1893 መስፈርት» ተብሎ የሚጠቀሰው ዝርዝር ሰዓቱ ክዳን የሌለው፣ መጠኑ 16 ወይም 18፣ ቢያንስ ባለ 17 ድንጋይ፣ በአምስት አቅጣጫ የተስተካከለ፣ መሙያው 12 ቁጥር ላይ የሆነ፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ እንዲሆን ያዛል። ባለ ድርብ ሮለር መሆኑንም ይጨምራል። ሰዓቶቹ ሲከፈቱ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። በ1890ዎቹ የተሠሩ ብዙ ባለ 18 መጠን ሰዓቶች ነጠላ ሮለር አላቸው። ሃሚልተን ክዳን ከሌለው ባለ 21 ድንጋይ 940 ጎን ለጎን አቻውን 941ን ለባለ ክዳን ቤት ይሠራ ነበር። ዝርዝሩ በየጊዜው የተጨመሩ ደንቦች ድምር ነው፤ በአንድ ዓመት በአንድ ሰው እጅ አልወጣም።

ከነዚህ ደንቦች አንዱን፣ ሰዓቱ በመሙያው ሳይሆን በምላስ እንዲስተካከል የሚያዘውን፣ እጅ ላይ ማየት ይበቃል። የሃሚልተን 992 ባለቤት ሰዓቱን ማስተካከል ሲፈልግ መሙያውን ወደ ውጭ አይስብም። የፊቱን መስታወት ከነክፈፉ ፈትቶ ያወጣል፤ ከጠርዙ ሥር የተደበቀችውን ቀጭን ምላስ በጥፍሩ ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መሙያው ዘንጎቹን ያዞራል። ይህ ሁሉ ሰዓቱ ከኪስ ሲወጣ መሙያው ሳይታሰብ ተስቦ ዘንጎቹን እንዳያዛባ ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ለዓመታት ሥራ ላይ ከዋለ ሰዓት ልምድ እንጂ ከአንድ አደጋ ማግስት አይመነጭም።

ቦል የባቡር ሠራተኞችን ሰዓት በተቆጣጣሪዎች ያስመረምርበት የነበረው ሥርዓት ሰፊ እንደነበር የሚያነሱ ይኖራሉ። ሰፊ ነበር፤ ስፋት ግን ጀማሪነት አይደለም። በስሙ ይሸጡ የነበሩትን ሰዓቶች የሠሩለትም ሃሚልተን፣ ዋልተምና ሌሎች ፋብሪካዎች ናቸው። እርግጥ የየኩባንያው የደንብ መጽሐፍ ሁሉ ተሰብስቦ ስላልተመረመረ ድምዳሜዬን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ሆኖም የሚጨመረው ማስረጃ የባቡር ሰዓትን ልደት ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይገፋውም።

መለኪያው ሲዛባ የሚጎዳው ሰብሳቢው ነው። በሥራ ላይ የኖረ ባለ 15 ድንጋይ ሰዓት «ዝርዝሩን አያሟላም» ተብሎ ይጣላል፤ ጀርባው ላይ ሎኮሞቲቭ የተቀረጸበት፣ ሐዲድ አይቶ የማያውቅ ርካሽ የስዊስ አስመስሎ ግን በውድ ይሸጣል። አሜሪካዊው ማሽንና ቤቱ ለየብቻ ይሸጡ ስለነበር ቤቱ ላይ ያለ ሥዕል ስለ ማሽኑ ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው የቁጥጥር ካርዱ ነው። ሠራተኛው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ሰዓት ይዞ በየጊዜው ወደ ተቆጣጣሪው ይሄድ ነበር፤ ተቆጣጣሪውም የሠሪውን ስም፣ የማሽኑን ቁጥርና ሰዓቱ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ይጽፍለት ነበር። ይህች ወረቀት ማሽንን ከባቡር ኩባንያና ከሰው ጋር የምታገናኝ ሰነድ ናት፤ ሆኖም ሰዓቱ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ትጣላለች፣ ወይም ለብቻዋ ትቸበቸባለች። ስለዚህ ሰብሳቢዎችን የምለምነው ይህን ነው፦ ሰዓት ስትገዙ ካርዱን ጠይቁ፤ ሻጩ ለያይቶ ካቀረበላችሁም ሁለቱን አንድ ላይ ግዙ።