ከሱስ የሚያገግሙ ተማሪዎች የእርስ በርስ ድጋፍ

ከሱስ ለመላቀቅ ታክሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመለስን ተማሪ ቀድሞ ይጠጣበት የነበረው ቦታም፣ አብረውት ይጠጡ የነበሩ ጓደኞቹም በዚያው ይጠብቁታል። የእርስ በርስ ድጋፍ ቡድን የሚያስፈልገው ተማሪው ይህን ፈተና ብቻውን እንዳይጋፈጥ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ መነሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1935 ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ የተገናኙ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም እርስ በርስ በመደጋገፍ ከመጠጥ ሱስ ተላቀቁ፤ ሌሎችንም ማሰባሰብ ጀመሩ። በዚያው አገር ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1977 ከሱስ ለሚያገግሙ ተማሪዎች ድጋፍ መስጠት ጀመረ። ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲም በ1988 ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ የሆነ ማደሪያ አዘጋጀላቸው።

የቡድኑ አባላት በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ። አንዱ ያጋጠመውን ሲናገር ሌሎቹ ሳይፈርዱ ያዳምጣሉ፤ የሰሙትንም ምስጢር ይጠብቃሉ። በማገገም ረዘም ያለ ጊዜ የቆየው አዲሱን ይደግፋል፤ ሱሱ በተቀሰቀሰበት ሰዓትም ከጎኑ ይሆናል። ወደ ሱሱ የተመለሰ አባል አይባረርም፤ እንደገና እንዲጀምር ይታገዛል።

ይሁን እንጂ ቡድኑ ሕክምናን አይተካም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊያጋጥመው ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ልጁ ለበዓል ወደ ቤት ሲመጣ ጠላም ሆነ አረቄ «ትንሽ ቅመስ» ብሎ አለመጫን ለወራት የደከመበትን ጥረት ከመፍረስ ያድናል።