የቆዳ ደዌና የልብ ነገር

በኦሪት ሕግ፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደ ተደነገገው፣ ገላው ላይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህን ይቀርብ ነበር፤ ካህኑም መርምሮ ነገሩ ሲያጠራጥረው ሰባት ቀን ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ለምጽ መሆኑ ከታወቀ ግን ያ ሰው ከሰፈር ወጥቶ ይኖራል። ዛሬ ሶርያሲስ የምንለው ደዌ ለብዙ ዘመን ለምጽ ይባል ከነበረው ከሥጋ ደዌ ሳይለይ ስለ ኖረ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደወል እያሰሙ ከሰው እንዲርቁ ከተፈረደባቸው ድውያን መካከል የማይጋባ ሕመም የያዛቸው ብዙዎች እንደ ነበሩ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

ይህን መቀላቀል ማጥራት የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የለንደኑ ሐኪም ሮበርት ዊላን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ የደዌውን መልክ አጥርቶ ቢገልጽም የለምጽን ስም ጨርሶ አልፋቀለትምና፣ ይህ ሥራ ለቪየናው ለፈርዲናንድ ሄብራ ቀረ። ሄብራ በቪየና ታላቅ ሆስፒታል የደረትና የልብ ሊቅ የነበረው የዮሴፍ ሽኮዳ ረዳት ሳለ፣ የቆዳ ድውያን የተኙበት ክፍል ተሰጠው፤ እርሱም ገላቸውን ሳይሰለች መርምሮ፣ በ1841 ሶርያሲስ ከሥጋ ደዌ ፈጽሞ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ደዌ መሆኑን አስረዳ። በክርንና በጉልበት ላይ የሚወጣው ቀይ ቁስል ብርማ ቅርፊት ይለብሳል፤ ቅርፊቱ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሻማ ሰም እየተላጠ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ሲነሣም ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ በዚያ ሥፍራ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ወደ ላይ ተጠግተዋልና።

ሄብራ ድውያኑን ከሐሰት ስም ነጻ ቢያወጣም፣ ደዌው በደም ውስጥ የሠወረውን ብግነት፣ ማለትም የሰውነትን መቈጣት፣ የሚገልጥ መለኪያ ገና ስላልተገኘ፣ ደዌው የቆዳ ብቻ ነው የሚለው አሳብ ከእርሱ በኋላም ለረዥም ዘመን ጸና። በስዊድን ሮቢን ፎሬየስ በ1918፣ አልፍ ቬስተርግሬንም በ1921፣ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ የቆመ ደም ቀይ ሕዋሳቱ ወደ ታች የሚወርዱበትን ፍጥነት መረመሩ፤ ብግነት ባለበት ሰው ፈጥነው ይወርዳሉና። በ1930 ደግሞ በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም፣ ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ በሳንባ ምች ድውያን ደም ውስጥ ሕመሙ ሲጸና የሚገኝ፣ ሲድኑ ግን የሚጠፋ ነገር አገኙ፤ ይኸውም ጉበት የሚሠራው፣ ዛሬ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው ነው።

እነዚህ መለኪያዎች ብግነት መኖሩን ይመሰክራሉ እንጂ ሥፍራውን አይናገሩም። ነገር ግን ሶርያሲስ በጸናባቸው ሰዎች ደም ብዙ ጊዜ ከፍ ብለው መገኘታቸው፣ ደዌው ከገላ አልፎ መግባቱን አመለከተ። በ1978 ማክዶናልድና ካላብሬዚ በእነዚህ ድውያን ዘንድ የደም ሥር መዘጋት እንደሚበዛ ጻፉ፤ በ2006 ጆኤል ጌልፋንድና ባልደረቦቹ በብሪታንያ ሐኪሞች መዝገብ ከ130,000 የሚበልጡ ሕሙማንን ከሌሎች ጋር አስተያይተው፣ ደዌው የጸናበት የ30 ዓመት ሰው በልብ የደም ሥር መዘጋት ለሚመጣው ድንገተኛ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከጤነኛ እኩያው 3 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳዩ። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-17 የተባሉት የብግነት መልእክተኞች በደም ተጉዘው የደም ሥርን ግድግዳ ያስቆጣሉ፤ የኢንሱሊንንም ኃይል ያደክማሉ፤ የሆድ ስብም በበኩሉ ብግነትን ስለሚያባብስ፣ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከደዌው ጋር አብረው ይታያሉ።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 ሶርያሲስ የማይተላለፍ፣ ሥር የሰደደ ደዌ መሆኑን በውሳኔ አጸና፤ በ2018 የወጣው የአሜሪካ የኮሌስትሮል ሕክምና መመሪያም የልብን አደጋ ከሚያጎሉ ነገሮች መካከል ቈጠረው። እንግዲህ የሚቀባ መድኃኒት ብቻ አዝዞ ድውዩን የሚያሰናብት ሐኪም የሥራውን እኩሌታ እንደ ተወ ይወቅ፤ የደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና የደሙን ስብ ይለካለት፤ ሲጋራ እንዲተውና ክብደቱን እንዲጠብቅም ይምከረው። ዘመዱና ጎረቤቱ ደግሞ ሕመሙ እንደማይጋባ ዐውቀው ያለ ፍርሃት ከእርሱ ጋር ማዕድ ይቍረሱ፤ የሊቃውንቱ ድካም ፍሬ የሚያፈራው ይህ ሁሉ ሲፈጸም ነውና።