ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ግድብ

ሐምሌ 1 ቀን 1940 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ክረምቱ ጠንክሮ ገበሬው እርሻ ላይ የከረመበት ሰሞን ነው። በዚያው ዕለት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 1948፣ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ኮርዴል ከምትባል ትንሽ ከተማ ብዙም ሳይርቅ አንድ የአፈር ግድብ ተመረቀ። ስሙ የግድብ ስም አይመስልም፤ “ክላውድ ክሪክ ቁጥር 1” ይባላል። መብራት አያመነጭም፣ ጀልባ አይመላለስበትም። በገበሬ መሬት መካከል አንዲት ጅረት ተገድባ፣ አፈር ተከምሮና ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ሳር ለብሶ የቆመ ጉብታ ነው። ከበስተኋላው ያለውም አነስተኛ ሐይቅ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ 47 ግዛቶች ውስጥ ለተሠሩት ከ11,000 በላይ ትንንሽ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች በኩሩ ይኸው ጉብታ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የታረሰው ሳር

ክላውድ ክሪክ የዋሺታ ወንዝ ገባር ናት። ዋሺታ ከሰሜን ቴክሳስ ተነስቶ ኦክላሆማን በሰያፍ አቋርጦ ከቀይ ወንዝ ይቀላቀላል። በወንዙ የላይኛው ክፍል ያለው አገር የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ይዞታ ነበር። በ1892 መንግሥት መሬቱን ለሰፋሪዎች ሲከፍት ቀድሞ የደረሰ ሁሉ እየከለለ ያዘ፤ በያዘም ማግስት ማረስ ጀመረ። ለዘመናት ዝናቡን እንደ ጥጥ ሲመጥ የኖረው ሳር ተገልብጦ ስንዴና ጥጥ ተዘራበት። ተዳፋቱ ሳይቀር ታረሰ። አንድ ትውልድ ሳያልፍ ማሳው በቦረቦር ተሰነጣጠቀ።

ውጤቱ የታየው በ1934 ነው። በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ሌሊት የጣለው ከባድ ዝናብ ዋሺታን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላውና ሃሞን በምትባል መንደር አካባቢ 17 ሰው በጎርፍ አለቀ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1935፣ በዚያው ሜዳማ አገር የተነሳው የአቧራ ማዕበል ቀኑን አጨለመው፤ ዕለቱም “ጥቁር እሑድ” ተባለ። አምና በውሃ የተወሰደ አፈር ዘንድሮ በነፋስ ሄደ። ጎርፍና ድርቅ ሁለት የተለያዩ መቅሠፍቶች ይመስላሉ፤ እዚያ ግን የአንድ ቁስል ሁለት ምልክቶች ነበሩ።

ይህን አጥብቆ ሲናገር የኖረው የአፈር ባለሙያው ሂዩ ሐሞንድ ቤኔት ነው። በዚያ የጸደይ ወቅት የሜዳው አቧራ በነፋስ ተጉዞ ዋሽንግተን ድረስ በመድረሱ ሰሚ አገኘ። ኤፕሪል 27 ቀን 1935 የአፈር ጥበቃ አገልግሎት በሕግ ተቋቋመ፤ መሪውም ቤኔት ሆነ።

ከላይ ወይስ ከታች?

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ግድቡ የት ይሠራ የሚል ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ምላሽ ትልቁን ወንዝ ከታች በትልቅ ግድብ መያዝ ነው። በ1944 በቀይ ወንዝ ላይ የተጠናቀቀው የዴኒሰን ግድብ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ዋሺታም ዛሬ የሚያበቃው ግድቡ በፈጠረው በቴክሶማ ሐይቅ ነው። ትልቁ ግድብ ከሥሩ ላሉት ከተሞች ይበጃል። ከላይ ላለው ገበሬ ግን የሚፈይደው ነገር የለም፤ ጎርፉ ማሳውን ጠርጎ ካለፈ በኋላ ታች ቢያዝለት ምን ይረባዋል? ከዚህም በላይ ትልቅ ሐይቅ ሲሞላ ለሙን የወንዝ ዳር መሬት ለዘለቄታው ይውጣል።

የግብርናው ወገን ክርክር በእኛ አባባል ቢገለጽ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” የሚለው ይበቃዋል። ጠብታው በወደቀበት ማሳ ይያዝ፤ ከማሳው ያመለጠው በጅረቱ ይያዝ፤ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊው ብቻ ይሁን። የ1936ቱ የጎርፍ መከላከያ ሕግ ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ወንዞቹን ለሠራዊቱ፣ የላይኛውን ተፋሰስ ለግብርና ሚኒስቴር ሰጥቶ ነበር። በዲሴምበር 1944 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሙከራ 11 ተፋሰሶችን መረጠ። ዋሺታ አንዱ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ገንዘብና ማሽን ሲገኝ የመጀመሪያው አካፋ ያረፈው ክላውድ ክሪክ ላይ ነው።

የግድቡ ሆድ ዕቃ

ከግድቡ ጀርባ ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ለሚያይ ሰው ቀድማ የምትታየው ከውሃው ብቅ ያለች የኮንክሪት ግንብ ናት። ውስጧ ክፍት ነው፤ ግንድና ጭራሮ እንዳይገባ አፏ በብረት ፍርግርግ ተሸፍኗል። ከግርጌዋ የሚነሳ ቱቦ ግድቡን ከሥር አልፎ በማዶ በኩል ወደ ጅረቱ ይወጣል። ሐይቁ ከአፏ በታች እስካለ ድረስ ዝም ነው፤ ከአፏ ያለፈው ግን ወደ ውስጥ እየወረደ በቱቦው ይሄዳል።

ጥበቡ ያለው በቱቦው ጥበት ላይ ነው። ዶፍ ሲወርድ ውሃው ቱቦው ከሚያስወጣው እጅግ ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ሐይቁ ያብጣል፤ ከግንቧ አፍ በላይ ያለውን ባዶ ሸለቆ ይሞላል። በጥቂት ሰዓት የመጣው ጎርፍ የሚወጣው ግን በቀናት ነው። በር የለው፣ ቁልፍ የለው፣ በሌሊት ተነስቶ የሚከፍት ዘበኛ አያሻው። ከመጠን ያለፈ ጎርፍ ከመጣ ደግሞ በግድቡ ጫፍ፣ በደህናው መሬት ላይ የተቆፈረ ሳር የለበሰ ሰፊ ማስተንፈሻ አለ። ይህ የክፉ ቀን መውጫ ነው፤ የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ከዘለለበት ተሸርሽሮ ያልቃልና።

እንግዲህ የዚህ ግድብ ዋና ሀብት ውሃው አይደለም፤ ከውሃው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሐይቁስ? ልጆች መንጠቆ የሚጥሉበት፣ ከብት የሚጠጣበት ያ ሐይቅ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ የደለል ማጠራቀሚያ ነው። ግድቦቹ ሲነደፉ በአብዛኛው የ50 ዓመት ደለል ታስቦላቸዋል። ሐይቁ ለደለል የተከራየ ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ ውብ ሆኖ የሚታየው ተከራዩ ጠቅልሎ እስኪገባ ነው።

ለዚህ ነው ሕግ አውጪዎቹ ከግድቡ በፊት ማሳውን ያዩት። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኦገስት 4 ቀን 1954 የፈረሙት የተፋሰስ ጥበቃና የጎርፍ መከላከያ ሕግ ሥራውን ወደ መላ አገሪቱ አሰፋ፤ ግን አንድ ተፋሰስ ከ250,000 ኤከር፣ ማለትም ከ100,000 ሄክታር ገደማ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሌላም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ከእያንዳንዱ ግድብ በላይ ካለው መሬት ቢያንስ የግማሹ ባለቤቶች አፈራቸውን ለመጠበቅ ውል መግባት አለባቸው። እርከን ካልተሠራ፣ ተዳፋቱ ወደ ሳር ካልተመለሰ፣ ግድቡ የሃምሳ ዓመት ዕድሜውን በአጭሩ ይጨርሳል።

ከስቲልዋተር እስከ ዓለማያ

ሕጉ ከመፈረሙ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በጁን 1954፣ ኦክላሆማ አንድ ታላቅ እንግዳ ተቀብላ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስቲልዋተር የሚገኘውን የኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒክ ኮሌጅ ጎበኙ። ጉብኝቱ የጨዋታ አልነበረም። ኮሌጁ ከ1952 ጀምሮ በአሜሪካው የፖይንት ፎር የእርዳታ ፕሮግራም ሥር ከኢትዮጵያ ጋር ውል ገብቶ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም እየሠራ ነበር፤ ሥራውም እስከ 1968 ዘለቀ። ወደ ሐረርጌ ደጋ የመጡት መምህራን የተነሱት ጎርፍንም አቧራንም በአንድ ዘመን ካየ አገር ነው።

ያ ደጋ ደግሞ ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለም። በሐረርጌ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ ገደሉን ወርዶ በደቻቱ ወንዝ በኩል ድሬዳዋ ይደርሳል። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ደራሽ ውሃ ሌሊት ከላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ድሬዳዋና ሃሞን በባሕልም በመልክዓ ምድርም አይገናኙም፤ በሁለቱም ግን ሰው የሞተው ታች ሲሆን ነገሩ የጀመረው ላይ ነው።

ያልደረሰ ጎርፍ

ዛሬ ኦክላሆማ ብቻ ከ2,100 በላይ እንዲህ ያሉ ግድቦች አሏት። ብዙዎቹ የታሰበላቸውን ሃምሳ ዓመት አልፈዋል፤ በ2000 ኮንግረስ ለእድሳታቸው የሚሆን ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖበታል። የእርጅናው ምክንያት ደለልና የዛገ ቱቦ ብቻ አይደለም። ግድቡ ሲሠራ ከሥሩ የነበረው የስንዴ ማሳ ነበር፤ ለማሳ ጥበቃ የተነደፈ ነበር። ጎርፍ ሲቀር ሰው ቦታው ደህና ነው ብሎ ቤት ሠራበት። ግድቡ አንድ ስንዝር ሳይነቃነቅ አደገኛ ግድብ ተብሎ ተመደበ። የተሳካለት ሥራው ራሱ ጠላት አፈራበት።

ጥቅሙን ማሳየትም አይችልም። ያልደረሰ ጎርፍ ሐውልት አይቆምለትም፤ ለትልቅ ግድብ ምርቃት የሚሰበሰበው ሕዝብ ለሳር ማጨድ አይወጣም። የአፈር ግድብ ግን የሚኖረው በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ ነው። የአይጥና የቢቨር ጉድጓድ በጊዜ ካልተደፈነ ውሃ በዚያው መንገድ ያበጃል። ችግኝም እንደዚሁ ነው። በሌላ ቦታ ዛፍ መትከል ጽድቅ ነው፤ እዚህ ግን ሥሩ ወደ ግድቡ ሆድ ይገባል፣ ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰበትም ቀዳዳ የውሃ ቧንቧ ይሆናል። ስለዚህ ግድቡን የሚጠብቁት ሰዎች በየዓመቱ መጋዝ ይዘው ይወጣሉ፤ ቀጭኑን ግንድ ቆርጠው ሳሩን ይተዋሉ። ሐይቁ ከግንቧ አፍ በታች ተኝቷል፤ ከበላዩ ያለው ሸለቆ ባዶ ነው። ሁሉም እንደታቀደው ነው ማለት ነው።