ከገለባ የተሠራው ሠራተኛ፦ ትንሿ ኤስቶኒያና የኤአይ ዕቅዷ

በኤስቶኒያ የገበሬ ተረት ውስጥ ክራት የሚባል ፍጡር አለ። ገበሬው ከገለባና ከተጣለ የቤት ዕቃ ሰው መሳይ ነገር ያበጃል፤ ከዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ለሰይጣን ሦስት ጠብታ ደም ይሰጥና ነፍስ ያስዘራበታል። ክራቱ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል፤ ይሸከማል፣ ከጎረቤት ጎተራ ሰርቆም ያመጣል። ሥራ ከፈታ ግን ጉድ ነው፤ ጌታው ላይ ይነሳል። ሊገላገለው የፈለገ ጌታ "ከዳቦ መሰላል ሥራልኝ" ብሎ የማይቻል ነገር ያዘዋል ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኤስቶኒያ መንግሥት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ ሲያወጣ፣ ለቴክኖሎጂው የተመረጠው ስም ይኸው "ክራት" ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነው ያላት፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ታንሳለች። ለዕቅዱ የተያዘው ገንዘብ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ ለትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይሄ የኪስ ገንዘብ ነው። ታዲያ በዚህች አቅም ምን ሊሠሩ አስበው ነው? ሰነዱን ብቻ ያነበበ ሰው መልሱን አያገኘውም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቅ ሆኖብኝ ነበር። መልሱ ያለው ከሰነዱ በፊት በነበሩት ሃያ ምናምን ዓመታት ውስጥ ነው።

ኤስቶኒያ ከሶቪየት ኅብረት ተላቃ ነፃነቷን ያስመለሰችው በ1991 ነው። ድሃ ነበረች፣ ሕዝቧም ጥቂት። በዘጠናዎቹ በዋሽንግተን አምባሳደሯ የነበሩት ቶማስ ሄንድሪክ ኢልቬስ (በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነዋል) ማሽን የሰውን ሥራ እየነጠቀ ነው ብሎ የሚያስጠነቅቅ አንድ የአሜሪካ መጽሐፍ አነበቡ። መጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ የብረት ፋብሪካ በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩ ሠራተኞቹን በማሽን ተክቶ፣ በ120 ሰው ብቻ ያንኑ ያህል ብረት ማምረት ቀጥሏል። ደራሲው ይህን የጻፉት ለማስፈራራት ነው። ኢልቬስ ግን በተቃራኒው አነበቡት፤ ሰው ለሚያንሳት አገርማ የሚያስፈልገው ይሄው ነው አሉ! ከትምህርት ሰዎች ጋር ሆነው ያመነጩትን ሐሳብ ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ በፌብሩዋሪ 1996 "የነብር ዝላይ" በሚል ስም አወጁት። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በየትምህርት ቤቱ ገባ፤ የገጠሩም አልቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለእኔ ለኢንጂነሩ ከሁሉም በላይ የሚጥመኝ ነው። በ2001 ኤክስ-ሮድ የተባለ ሲስተም ሥራ ጀመረ። የመንግሥት መረጃ ሁሉ የሚከማችበት አንድ ትልቅ ጎተራ አልሠሩም። የጤናው መረጃ ጤና ዘንድ፣ የግብሩ ግብር ቢሮ፣ የመኪናው መኪና መዝጋቢው ዘንድ እንዳለ ይቀመጣል። አንዱ ቢሮ ከሌላው መረጃ ሲፈልግ በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ጥያቄውም መልሱም ይመሰጠራል፣ ይፈረምበታል፣ ማን መቼ እንደጠየቀም ይመዘገባል። ዜጋው ራሱ ገብቶ የትኛው ቢሮ ፋይሉን እንዳየ ማወቅ ይችላል። በ2002 ደግሞ ቺፕ ያለው መታወቂያ ታደለ፤ በእሱ ሰው ከቤቱ ሆኖ ሰነድ ይፈርማል፣ ከ2005 ጀምሮም ድምፅ ይሰጣል።

ይሄ ሁሉ ከኤአይ ጋር ምን አገናኘው? ኤአይ የሚማረው ከዳታ ነው። ዳታው በወረቀት ዶሴ ተቆልፎ ቢሆን፣ ወይም አንዱ ቢሮ "አበበ" ያለውን ሌላው በሌላ ቁጥር ቢያውቀው ኖሮ፣ የ2019ኙ ዕቅድ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

ግን ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2017 የበጋ ማብቂያ ላይ መንግሥት ተመራማሪዎች ያገኙትን አስደንጋጭ ነገር ሰማ። የመታወቂያው ቺፕ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚሠራው ሁለት ትልልቅ ፕራይም ቁጥሮችን መርጦ ነው፤ ምርጫው እንደ ዕጣ መሆን ሲገባው አንድ የተደበቀ ሥርዓት ይከተል ነበር። ሥርዓቱን ያወቀ ሰው፣ በቂ ኮምፒውተር ካለው፣ ከአደባባዩ ቁልፍ ተነስቶ ምስጢሩን ማስላት ይችላል። 750,000 ገደማ ካርዶች ተጋለጡ፤ የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። መንግሥት ችግሩን ከሰማ በሳምንት ውስጥ ለሕዝብ ተናገረ፤ በኖቬምበር ደግሞ የካርዶቹን ዲጂታል ሰርተፍኬት አገደ፤ ሰዎችም በኢንተርኔት እያደሱ ቀጠሉ። ደብቀውት ቢሆንና በኋላ ቢወጣስ? መንግሥት ስለ ኤአይ የሚናገረውን ማን ያምነው ነበር?

በዚያው በጋ ታሊን ውስጥ ሾፌር የሌላት ትንሽ አውቶቡስ ለሙከራ ትመላለስ ነበር። ታዲያ ሰው ብትገጭ ማን ይጠየቃል? ባለቤቷ? ፕሮግራሙን የጻፈው? ራሷ? የክራት ስም የገነነው በዚህ ክርክር ነው። የመንግሥት የዲጂታል አማካሪ የነበረው ማርተን ካኤቫትስ፣ ሕዝቡ ረቂቁን የሕግ ጥያቄ እንዲይዘው ተረቱን ተጠቀመበት። ክራት ቢሰርቅ ጌታው ነው የሚጠየቀው፤ ይህን ደግሞ የኤስቶኒያ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ለሮቦት የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጠው የሚልም ሐሳብ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን በ2019 ያቀረበው መደምደሚያ ግን ቀላል ነው፤ ኤአይ መሣሪያ ነው፣ ኃላፊነቱ የሰው ወይም የመንግሥት ነው፣ ነባሩ ሕግ ከጥቃቅን ማስተካከያ ጋር ይበቃል። ከመንታ መንገዱ ወደ ተረቱ ተመለሱ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዓመት "ኤስቶኒያ ሮቦት ዳኛ ልትሾም ነው" የሚል ወሬ ዓለምን ዞሯል። ምናልባት እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል። የአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር በኋላ እንዲህ ያለ ዕቅድ እንደሌለ በግልጽ አስተባብሏል።

እውነተኞቹ ክራቶች ብዙም አያስደንቁም። እኔ የምወደው የሣሩን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የእርሻ ድጎማ የሚወስድ ገበሬ የግጦሽ መሬቱን በጊዜው ማጨድ አለበት። ድሮ ይህን የሚያጣሩት በየመስኩ የሚዞሩ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ የሚደርሱትም ለጥቂቱ ነው። አሁን ሳተላይት ያነሳውን ምስል ኮምፒውተር እያየ ይታጨድ አይታጨድ ይለያል፤ የባልቲክ ሰማይ ደመና ስለሚበዛበት ደመና የማያግደው ራዳርም ይጨመርበታል። ቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ገበሬው መልእክት ይደርሰዋል። ከሣርና ከገለባ ይሠራ የነበረው ክራት ዞሮ ሣር ጠባቂ ሆነ!

የቋንቋው ነገር ግን ያሳስባቸዋል። ኤስቶንኛ ተናጋሪው አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ ሕገ መንግሥታቸውም ቋንቋውን ለዘመናት ጠብቆ ማቆየት የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። ማሽን የማይሰማው ቋንቋ ልጆቹ ስልካቸው ላይ የማይጠቀሙበት ቋንቋ ይሆናል ብለው ስለሚሰጉ፣ ሰው ድምፁን ቀድቶ "እንዲለግስ" ዘመቻ አደረጉ። በፓርላማቸውም የተነገረውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሲስተም አስገቡ። በአማርኛ ለስልኩ ተናግሮ ያዘዘውን ሳይሆን ሌላ ነገር ተጽፎ ያገኘ ሰው ስጋቱ ይገባዋል።

በሴፕቴምበር 2025 "ቲአይ-ሁፔ" የሚባል ፕሮግራም በትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ስሙ "ቲግሪሁፔ" ከሚለው ከነብር ዝላይ ጋር የሚጫወት ነው፤ "ቲአይ" በቋንቋቸው የኤአይ ምሕፃር ነው። መጀመሪያ የታሰበው 20,000 ለሚሆኑ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው፤ መምህራኑም አብረው ይሠለጥናሉ። በ1996 ክፍላቸው ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ ያዩት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ የእነዚህ ተማሪዎች ወላጆች ናቸው።