ከሱቅ ዐረቢ እስከ ኦምዱርማን፦ የእኩልነት ቃላት ጉዞ

ካርቱም እ.ኤ.አ. ከ1898 በኋላ እንደ አዲስ ስትገነባ የንግድ ማእከሏ በሁለት ስም ተከፈለ። የአውሮፓውያን መደብሮች የተደረደሩበት ሱቅ አፍረንጂ ተባለ፤ በታላቁ መስጊድ ዙሪያ የተዘረጋው የአገሬው ገበያ ደግሞ ሱቅ ዐረቢ የሚል ስያሜ አገኘ። ስም ሰውን ከሰው እንደሚለይ ገበያው ራሱ ምስክር ነበር። በዚያ ገበያ ለአሥርት ዓመታት የሠሩና የተመላለሱ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ሦስት ቋንቋ አቀናጅተው ኖረዋል፤ የቤታቸውን አማርኛ፣ የገበያውን ዐረብኛ፣ ለነገ መንገዳቸው የሚማሩትን እንግሊዝኛ።

የዋጋና የሚዛን ቃላት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ያለ ብዙ ድካም ይሻገራሉ። ተማሪንም መምህርንም የሚፈትኑት «ጀንደር»፣ «ፌሚኒዝም»፣ «ኢኳሊቲ» የሚባሉት ናቸው። መዝገበ ቃላት የሰጠውን አቻ በደብተር ጽፎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ብዙ ትግል ያለፈባቸው ስለሆኑ ታሪካቸው ሳይታወቅ ፍቺያቸው አይጨበጥም።

ለመሆኑ «ጀንደር» ከወዴት መጣ? ሥሩ የላቲኑ «ጌኑስ» ሲሆን፣ «ዓይነት፣ ወገን» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ለረጅም ዘመን ይበልጡን የሰዋስው ቃል ሆኖ ቆየ። ተፈጥሮ የሰጠችውን ልዩነት ማኅበረሰብ ለወንድና ለሴት ከሚያድለው ድርሻ ለይቶ ለማመልከት የዋለው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እንግሊዛዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አን ኦክሊ በ1972 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በሰፊው አስተዋወቀ። የዐረብኛ ተርጓሚዎች ቃሉን «አን-ነውዕ አል-ኢጅቲማዒ»፣ ማለትም «ማኅበራዊ ዓይነት» አሉት። በግዕዝም «ጾታ» ዓይነትን፣ ወገንንና ክፍልን ያመለክታል፤ ቤተ ክርስቲያን ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ማለቷ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች መነሻቸው አንድ ሐሳብ መሆኑ ያስደንቃል። አማርኛ ግን «ሥርዓተ ጾታ» በማለት አንድ እርምጃ ጨመረበት። ሥርዓት ሰው የሠራው ነው፤ ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። መምህሩ ለተማሪው ሊያስጨብጠው የሚገባው ቁም ነገር በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ይገኛል።

ቃሉ በተርጓሚዎች ዘንድ ብቻ አላከራከረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በቤጂንግ በተካሄደው አራተኛው የዓለም የሴቶች ጉባኤ መንግሥታት በ«ጀንደር» አረዳድ ላይ ተከራክረው፣ ስለዚሁ ቃል የተሰጠ መግለጫ ከጉባኤው ሪፖርት ጋር ተያይዞ ወጥቷል።

ነገሩ ግን ከቃሉ ይቀድማል። በሱዳን፣ የማህዲ ጦር ወታደር የነበሩት ሼክ ባቢክር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሩፋዓ ከተማ በገዛ ቤታቸው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የራሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ልጆች ነበሩ። ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም ገና የኦምዱርማን ተማሪ ሳለች፣ የሳይንስ ትምህርት ተሰርዞ በቤት አያያዝ ትምህርት እንዲተካ በመወሰኑ የሴት ተማሪዎችን አድማ መራች። በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ በ1965ም ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ለመሆን በቃች። በ1966 የባቢክር ልጅ ዩሱፍ በድሪ በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅን አቋቋሙ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ተቋም በእንግሊዝኛ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ዐረብኛ ተናጋሪ ሴቶች የሥርዓተ ጾታን ትምህርት በባዕድ ቋንቋ ተማሩ። ቃሉ እንግዳ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለሩፋዓና ለኦምዱርማን ልጆች እንግዳ አልነበረም።

በኢትዮጵያም እንዲሁ ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩት ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። በዚያው ዓመት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከቅጣት የሚድንበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በሩን የዘጋው በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ነው። «ጠለፋ»ን በእንግሊዝኛ «አብዳክሽን» ብሎ ማለፍ የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ማንኛውንም በኃይል ወይም በማታለል መውሰድ ሲያመለክት፣ ጠለፋ ግን በዚህ አገባቡ ትዳርን ሽፋን ያደረገ በደል ነው። ተማሪዋ የራሷን ቃል ታሪክ ካላወቀች የደረሰባትን በሌላው ቋንቋ ስትናገር ግማሹ ይቀርባታል።

ወደ ሱቅ ዐረቢ ስንመለስ፣ የገበያው ዐረብኛ ራሱ ትልቅ መምህር ሆኖ ይገኛል። በመንገድ ዳር ሻይና ቡና የምታፈላ ሴት «ሲት አሽ-ሻይ»፣ ማለትም የሻይ እመቤት ትባላለች። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ነበሩ። ይሁን እንጂ እመቤት የተባለችው ሴት በ«ከሻ»፣ ማለትም በድንገተኛ አፈሳ፣ ሲኒዋንና ከሰሏን ትነጠቅ ነበር። የማዕረግ ስም መብትን አይተካም። ሻይ ሻጭዋ አወዲያ ማሕሙድ በ1990 የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን የኅብረት ሥራ ማኅበር በካርቱም መሥርታ፣ በ2016 ከአሜሪካ መንግሥት የዓለም አቀፍ ጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀበለች። ሴቶችን በአለባበሳቸው ሲያስቀጣ የኖረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግም በ2019 ተሻረ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከዚህ ብዙ ይማራል። «ሚዝ» የሚለውን መጠሪያ ሲያስተምር፣ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሴቲቱን ትዳር ሲገልጡ «አቶ» የወንዱን እንደማይገልጥ ቢያሳይ ተማሪው ቃሉ ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው ይገባዋል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረትም ያንሣ፤ እዚያ ላይ ሴቲቱ ዕውቀቷ ብቻ ሳይሆን አንቀጿም ተወስዷል፤ ግሱ «ብታውቅ» አይልምና።

በኤፕሪል 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ሱቅ ዐረቢ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ተበተኑ፤ ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ስደተኛ በየደረሰበት በሚሞላው ቅጽ ላይ «ሥራ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቀዋል። በዚያ መስመር ላይ በእንግሊዝኛ «ሰርቫንት» ብሎ መጻፍና «ዶሜስቲክ ወርከር» ብሎ መጻፍ በአማርኛ «ገረድ» እና «የቤት ሠራተኛ» በሚሉት መካከል ያለውን ያህል ይራራቃሉ። ሁለተኛው ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የሚገባውን ሰው ይጠራል። ሻይ ስታፈላ የኖረችውም በዚያ መስመር ላይ «ነጋዴ» ብላ ብትጽፍ እውነቱን ጻፈች።