ኮምፕ፦ አቻ ሽያጭ

በጨረታ ገበያ «ኮምፕ» የሚባለውን ቃል በአማርኛ «አቻ ሽያጭ» ልንለው እንችላለን። ዋጋው እንዲገመት የተፈለገውን ዕቃ የሚመስል ሌላ ዕቃ በቅርብ ጊዜ የተሸጠበት ዋጋ ማለት ነው። ሻጭ የጠራው ዋጋ ኮምፕ አይሆንም፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ያለቀ ሽያጭ መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዙ አንባቢዎች ቃሉን ከቤት ገማቾች ሰምተውት ይሆናል።

«አቻ» የተመረጠው «ተመሳሳይ» ከሚለው ስለሚሻል ነው። «አቻ ጋብቻ» ስንል ተጋቢዎቹ ይመጣጠናሉ እንጂ አንድ ዓይነት ናቸው አንልም። ኮምፕም ሁለት ዕቃዎችን ያመዛዝናል፤ ልዩነታቸውን ማስላት ግን የገማቹ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በጥንታዊ የቤዝቦል ካርዶች ጨረታ ላይ በግልጽ ይታያል። የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ካወጣቸው ካርዶች መካከል የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ቶሎ ስለተቋረጠ፣ ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው ከ50 እስከ 60 የሚደርሱ ብቻ ናቸው። የካርዶችን ይዞታ መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደረጃ 5 የተሰጠው አንድ ዋግነር 3.12 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2021 ደግሞ ደረጃ 3 ብቻ ያለው ሌላ ዋግነር በ6.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ደረጃው ዝቅ ብሎ ዋጋው ከእጥፍ በላይ የሆነው በመካከሉ ገበያው በጣም ስለጋለ ነው። ስለዚህ የቆየ አቻ ሽያጭ ለጊዜው ሳይታረም አይወሰድም።

ሁለተኛው እርማት የደረጃ ነው። የካርድ አሳታሚው ቶፕስ በ1952 ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በደረጃ 9 በጥር 2021 በ5.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ 9.5 ያገኘው በነሐሴ 2022 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የጊዜው ለውጥ ድርሻ ቢኖረውም፣ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ የግማሽ ነጥብ ልዩነት ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ገንዘብ ያላቸው ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚሻሙት ያለውን ምርጡን ነውና።

ሦስተኛው የኮሚሽን ነው። አጫራች ድርጅቶች በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው ሲዘጋ በተጠራው የመጨረሻ ዋጋ) ላይ ገዢው የሚከፍለው ኮሚሽን ይጨምራሉ። ካርዱ 10 ሚሊዮን ላይ መዶሻ ቢመታበትና ኮሚሽኑ 20 በመቶ ቢሆን፣ ገዢው የሚከፍለው 12 ሚሊዮን ነው። አንዱን ሽያጭ ከነኮሚሽኑ፣ ሌላውን ያለኮሚሽኑ ማወዳደር ግምቱን ያበላሻል።

አጠቃቀሙ፦ «ይህ ካርድ ላለፉት አምስት ዓመታት አቻ ሽያጭ የለውም።» እንዲህ ሲባል የሰማ ተጫራች አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር መጠበቅ የለበትም። ታማኝ ገማች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዋጋ ይናገራል፤ የተመረኮዘባቸውን አቻ ሽያጮችም ከነቀናቸውና ከነደረጃቸው ያሳያል።